የቀላ ዓይን፣ ጥርጣሬና የሰው ሐቅ

ለፈጅር ተነስቶ ውዱእ ሲያደርግ አንድ ዓይኑ ደም መስሎ፣ ጉሮሮውም ከርክሮት ያገኘ ሰው በዚያው ዕለት ለጁምዓ ሶላት መስጊድ መሄድ ይገባዋል ወይስ አይገባውም? ጉዳዩ ለብዙዎቻችን ጥያቄ አይመስለንም። ሰውዬው ትኩሳት የለውም፤ አልጋ ላይ አልወደቀም፤ እግሩ ይሄዳል። ዓይኔ ቀላ ብሎ ከጀመዓ መቅረት ሰበብ መፈለግ ይሆንብናል። ይህንኑ በቅርቡ ለወዳጆቼ ባነሳ «ደግሞ ለዓይን መቅላትም ፈትዋ ልትጠይቅ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን ነገሩ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው ባይ ነኝ። ፈትዋ ለመስጠት አልተነሳሁም፤ ፈትዋ የባለቤቶቹ የዑለማዎቻችን ነው። የማነሳው ከፈትዋው በፊት የሚመጣውን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው፤ ገና ያልተረጋገጠ ምልክት ምን ያህል ያስገድደናል? የሚያስገድደውስ ማንን ነው?

በቅድሚያ ስለ ምልክቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ዓይንና አፍንጫ ጎረቤት ብቻ አይደሉም፤ በውስጥ በር የሚገናኙ ቤቶች ናቸው። ስናለቅስ አፍንጫችንም አብሮ የሚፈሰው እንባ ከዓይን ጥግ ተነስቶ በቀጭን ቦይ ወደ አፍንጫ ስለሚወርድ ነው። በመሆኑም የመተንፈሻ አካልን የሚያጠቁ አንዳንድ ቫይረሶች የዓይንን ነጭ ክፍልና የቆቡን ውስጠኛ ገጽ የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን አብረው ያስቆጣሉ። አዴኖ ቫይረስ የሚባለው ቤተሰብ ትኩሳትን፣ የጉሮሮ ሕመምንና የዓይን መቅላትን ባንድነት ይዞ ይመጣል። ኩፍኝም ቢሆን ብዙዎቻችን የምናውቀው በሽፍታው ይሁን እንጂ በሽታው የሚጀምረው በትኩሳት፣ በሳል፣ በንፍጥና በዓይን መቅላት ነው። ሽፍታው የሚወጣው ከቀናት በኋላ ነው። ልብ ልንለው የሚገባው ደግሞ የኩፍኝ ታማሚ ሽፍታው ከመውጣቱ ከ4 ቀናት በፊት ጀምሮ በሽታውን ወደ ሌላው የሚያስተላልፍ መሆኑ ነው። እሱ ክፍሉን ለቆ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ በአየሩ ላይ እስከ 2 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ በሽታው ስም ሳያገኝ፣ ገና «ጉንፋን ቢጤ ነው» እየተባለ ሳለ ነው ብዙ ጥፋት የሚደርሰው።

የኮሮና ወረርሽኝ ገና በጀመረበት በጥር ወር 2020 እ.ኤ.አ. ዋንግ ጓንግፋ የተባሉ የቤጂንግ የመተንፈሻ አካል ሐኪም በሽታው ወደ ፈነዳበት ወደ ዉሃን ከተማ ሄደው ነበር። እኚህ ሰው በሽታው በቁጥጥር ሥር ሊውል የሚችል ነው ብለው ከተናገሩት አንዱ ናቸው። ከዚያ እንደተመለሱ ግራ ዓይናቸው ቀላ። ሰዓታት ሳይቆይ ትኩሳትና ንፍጥ ተከተለ፤ ሲመረመሩም በሽታው ተገኘባቸው። አፍና አፍንጫቸውን በጥሩ ጭንብል ሸፍነው እንደነበር፣ ዓይናቸውን ግን እንዳልሸፈኑ ተናግረዋል። እኛም በኋላ ጭንብል ስናደርግ ዓይናችንን አልሸፈንንም፤ ያም ሆኖ በየደቂቃው በእጃችን የምናሸው እሱኑ ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. የጸደይ ወራት ደግሞ አንድ የኮሮና ዝርያ በሕንድ ሲሰራጭ የሕፃናት ሐኪሞች በልጆች ላይ የሚያሳክክ የቀላ ዓይን ማየታቸውን ተናግረው ነበር።

ከዚህም የሚበልጥ አስገራሚ ነገር የታየው በአሜሪካ ነው። በሚያዝያ ወር 2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በቴክሳስ ግዛት በወተት ላሞች እርባታ የሚሠራ አንድ ሰው ኤች 5 ኤን 1 በተባለው የወፍ ጉንፋን መያዙ ተገለጸ። የሰውየው ብቸኛ ምልክት የዓይን መቅላት ነበር። በዚያ ዓመት በአገሪቱ ከ60 በላይ ሰዎች በበሽታው መያዛቸው ሲታወቅ አብዛኞቹ የላምና የዶሮ እርባታ ሠራተኞች ነበሩ፤ ከምልክቶቻቸው ሁሉ ጎልቶ የታየውም ያው የዓይን መቆጣት ነው። ለዚህም ምክንያት አለው። የወፍ ጉንፋን ሊጣበቅበት የሚመርጠው መያዣ በሰው ዓይን ሽፋን ላይ ይገኛል። የሳንባ በሽታ ነው ብለን የምንፈራው ነገር በዓይን በር ሊገባ ይችላል ማለት ነው።

ይህን ስል ግን የቀላ ዓይን ሁሉ የቫይረስ ምልክት ነው ማለቴ አይደለም። በአማራ ክልል የኖረ ሰው ይህን አይስተውም። ትራኮማ ዛሬም ብዙ ሰው የሚያሳውርበት አገር ነው፤ እሱ ደግሞ በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በጭስ በታፈነ ማድ ቤት የምትውል እናት ዓይኗ ይቀላል። አቧራም ያቀላል፤ እንቅልፍ ማጣትም ያቀላል። በጣና ዳር ደግሞ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የዓይን መቅላት ባንድ ላይ ሲመጡ ስማቸው «ምች» ነው፤ መድኃኒቱም ዳማ ከሴ። እንግዲህ ምልክቱ ምልክት ብቻ ነው። ምናልባት ይሆናል፤ ምናልባትም አይሆንም።

ጥያቄያችን የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በሽታው ቢረጋገጥማ ኖሮ ክርክሩ ባጠረ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የታመመ ግመል ያለው ሰው ግመሎቹን ጤነኛ ግመል ካለው ሰው መንጋ ጋር እንዳይቀላቅል ከልክለዋል። ወረርሽኝ ወደ ገባበት አገር እንዳይገባ፣ ያለበት አገር ውስጥ የተገኘም ሸሽቶ እንዳይወጣ አዘዋል። በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ ኡመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለ ቦታ ሲደርሱ የዐምዋስ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ሙሃጂሮቹን አማከሩ፣ አንሷሮቹን አማከሩ፣ የቁረይሽ ሽማግሌዎችንም አማከሩ፤ ከዚያም ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ውሳኔ ልትሸሽ ነውን ብለው ሲጠይቋቸው፣ ከአንዱ የአላህ ውሳኔ ወደ ሌላው የአላህ ውሳኔ መሄድ መሆኑን ገለጹላቸው። አንደኛው ዳር ለምለም፣ ሌላው ዳር ደረቅ የሆነ ሸለቆ ያገኘ የግመል ባለቤት በየትኛውም ዳር ቢያሰማራ በአላህ ውሳኔ ማሰማራቱ ነው ሲሉም በምሳሌ አስረዱ። ይህን ታሪክ በ2012 ዓ.ም. በየመስጊዱ ደጋግመን ሰምተነዋል። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው ታማሚ በአዲስ አበባ ከተገለጸ በኋላ በወሩ ማብቂያ ባሕር ዳር ለ14 ቀናት እንቅስቃሴ ተገደበባት። በዚያው ዓመት ረመዳን ተራዊሕን በየቤታችን ሰገድን። ያን ጊዜ ትእዛዝ ስለነበረ ለመታዘዝ ቀላል ነበር።

ትእዛዝ በሌለበት፣ ሐኪም ባላየው፣ አንድ ሰው ብቻውን በመስተዋት ፊት ቆሞ የራሱን ዓይን በሚያይበት ጠዋትስ? እዚህ ላይ በሃይማኖታችን ውስጥ ስለ ጥርጣሬ የተሰጡ ሁለት መመሪያዎች አሉ። ላይ ላዩን ሲታዩ የሚጋጩ ይመስላሉ። አንደኛው የሚያጠራጥርህን ትተህ ወደማያጠራጥርህ ሂድ የሚል መልእክት ያለው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲስ ነው። ሁለተኛው በሱረቱል ሑጁራት የተሰጠን፣ ከብዙው ጥርጣሬ እንድንርቅ የሚያዝ ቃል ነው። በመጀመሪያው ጥርጣሬ ያስገድደኛል፤ በሁለተኛው ጥርጣሬ ይከለከለኛል። ግጭት ግን የለም። የመጀመሪያው የሚናገረው ሰው ስለ ራሱ ሥራ ስላለው ጥርጣሬ ነው። ሁለተኛው ስለ ሌላው ሰው ስላለው ነው።

የእኔ አቋም ከዚህ ይነሳል። የቀላ ዓይን ባለቤቱን የሚያስገድደውን ያህል ጎረቤቱን አያስገድድም፤ ለጎረቤቱ የሚሰጠው ሥልጣንም እጅግ ጥቂት ነው። እኔ ዓይኔን በመስተዋት ሳይ «ምናልባት» የሚለው ይበቃኛል፤ ከሰው መካከል ለመራቅ ማረጋገጫ መጠበቅ የለብኝም። ሌላው ሰው ፊቴን ሲያይ ግን «ምናልባት» እኔን ለማባረር፣ ለማዋረድ ወይም ወሬዬን ለመንዛት አይበቃውም።

በመጀመሪያው ክፍል የሚከራከረኝ አለ። «ዓሊይ (ረ.ዐ) በኸይበር ዘመቻ ዓይናቸውን ታመው አልነበረምን? ታመውስ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኋላ መቅረት ከብዷቸው አልተከተሉምን? ነቢዩስ ዓይናቸውን በምራቃቸው አድነው ባንዲራውን አልሰጧቸውምን?» ይለኛል። ታሪኩ እውነት ነው፤ ዐረቦቹ ረመድ የሚሉት የዓይን ብግነት ነበር። ነገር ግን ዓሊይ ያደረጉትን ልብ ብለን እንመልከት። ሕመማቸው ከዘመቻ ለመቅረት በቂ ምክንያት ሆኖላቸው ሳለ ከበዱን መንገድ መረጡ። ከባዱን መንገድ የመረጠ ሰው ሊመሰገን የሚችለው ዋጋውን የሚከፍለው ራሱ ሲሆን ነው። የዛሬው ሰው ዓይኑ ቀልቶ፣ ሳል ይዞት ወደ ታጨቀ መስጊድ ሲገባ ግን የሚከፍለው እሱ ላይሆን ይችላል። ከጎኑ የሰገደው የስኳር በሽተኛ አዛውንት ሊከፍሉ ይችላሉ፤ ወይም እኚያ አዛውንት ቤታቸው ሲገቡ የሚያቅፉት ገና 9 ወር ያልሞላው፣ ለኩፍኝ ክትባት ያልደረሰ የልጅ ልጅ። በራሴ ገንዘብ መለገስ ደግነት ነው፤ በሰው ገንዘብ መለገስ ግን ሌላ ስም አለው። ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው እንኳ ሽታው ሌላውን እንዳያስቸግር ከመስጊድ እንዲርቅ በተነገረበት ሃይማኖት ውስጥ እኮ ነን።

ደግሞም የሕክምና ዕውቀት ለእኛ ባዕድ ይመስል «የፈረንጅ ጥንቃቄ» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ፈንጣጣንና ኩፍኝን ለይቶ የሚያስረዳውን ዝነኛ ድርሳን የጻፈው ከ1,100 ዓመታት በፊት የኖረው ሐኪሙ ሙሐመድ ኢብን ዘከሪያ አር-ራዚ ነው። በዚያው ድርሳን ውስጥ በእነዚህ በሽታዎች ጊዜ ለዓይን ስለሚደረግ ጥንቃቄ ለብቻው አንሥቷል። ኩፍኝ ዓይንን እንደሚያጠፋ ባግዳድና ረይ ያውቁት ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል ልምጣ፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ከመጠንቀቅ ይልቅ መጸየፍ ይቀለናል። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ነጭ ወይም ቻይናዊ የመሰላቸውን መንገደኛ ሁሉ «ኮሮና!» እያሉ የሚሰድቡ ልጆች አዲስ አበባን ሞልተዋት ነበር፤ አዋቂዎችም ነበሩበት። ታክሲ ውስጥ አንድ ጊዜ ያስነጠሰ ሰው ዓይን በዓይን ሲበላ አይተናል። እነዚያው ሰዎች ራሳቸው ሲያስላቸው «አቧራ ነው» ይላሉ።

ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሰው በሐይቁ ዳር የሚኖሩትን የነገደ ወይጦ ሙስሊሞች ያውቃል። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ፣ ሐይቁን እንደ ጓዳቸው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። አባቶቻቸው ጉማሬ ያድኑ ስለነበር ጎረቤቶቻቸው ለዘመናት ሲጸየፏቸው ኖረዋል። ዕቃቸውን አይነኩም፤ አብረዋቸው አይበሉም። የሚያሳፍረው ደግሞ ይህን ያደረገው ክርስቲያኑ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ሰላት ሰግደው፣ ጾም ጾመው ሳለ እስልምናቸውን የተጠራጠረ ሙስሊም ብዙ ነበር። ታዲያ ይህ ምን በሽታን ከለከለ? ምንም። ሰው ከሰው የሚርቅበት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቀን አለው፤ ሽፍታው ከወጣ ከ4 ቀናት በኋላ፣ ወይም ሐኪም ባለው ቀን ያበቃል። ደግሞም የሚርቀው ባለቤቱ ነው፤ የሚርቀውም ለሌላው ብሎ ነው። ሌላኛው ቀን የለውም፤ ከአባት ወደ ልጅ ይወርሳል። የሚያርቁት ሌሎች ናቸው፤ የሚያርቁትም ለራሳቸው ክብር ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ «ጥንቃቄ» ብሎ መጥራት ቃሉን ማበላሸት ነው።

ማሊክ በሙወጠእ ያሰፈሩት አንድ ታሪክ አለ። ኡመር (ረ.ዐ) የሥጋ ደዌ ያለባት ሴት ካዕባን ስትዞር አይተው ሰዎችን እንዳታስቸግር፣ ቤቷ ብትቀመጥ እንደሚሻላት ነገሯት። እሷም ቤቷ ተቀመጠች። ከጊዜ በኋላ አንድ ሰው የከለከለሽ ሞቷልና ውጪ ቢላት፣ በሕይወት ሳሉ ታዝዣቸው ሲሞቱ የማምፃቸው አይደለሁም የሚል መልስ ሰጠችው። ታሪኩን ብዙ ጊዜ የኡመርን ጥበብ ለማሳየት እንጠቅሰዋለን። እኔን የሚገርመኝ ግን የሴትየዋ ነገር ነው። በር ላይ የቆመባት ዘበኛ አልነበረም። ካዕባን መዞር የሚያህል ነገር የተወችው በራሷ ውሳኔ ነው። እሷን ያህል ዋጋ የከፈለ ሰው ስሙ እንኳ አልተጻፈልንም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደግሞ ዘይድ ኢብኑ አርቀም (ረ.ዐ) ዓይናቸውን በታመሙ ጊዜ ሊጠይቋቸው መሄዳቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ዓይን ለታመመ ሰው ጥየቃ የለም የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ ዑለማዎች የመለሱላቸው በዚህ ሐዲስ ነው። እንግዲህ በሱናው ውስጥ ሁለቱም አሉ፤ ታማሚው ከሰው እንዲርቅ ይነገረዋል፣ ሰው ግን ታማሚውን እንዳይተወው ይነገረዋል። ሁለቱን እንዴት ባንድ ላይ መፈጸም እንደሚቻል በመጽሐፍ ካነበብኩት ይልቅ በጣና ሐይቅ ላይ ያየሁት ይበልጥ ገብቶኛል።

ደቅ ከጣና ደሴቶች ትልቋ ናት። ነዋሪዋ በአብዛኛው ክርስቲያን ነው፤ ገዳማቷም ስመ ጥር ናቸው። ወደዚያ የሚያደርስ ድልድይ የለም። የገባ በጀልባ ገብቷል፤ የወጣም በጀልባ ይወጣል። ጀልባው ካመለጠ ደግሞ ቀጣዩን መጠበቅ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከደቅ ወደ ባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ስመለስ አንዲት እናት በጀርባዋ ልጅ አዝላ ገባች። ልጁ ያስለዋል፤ ንፍጡ ይወርዳል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ቀልተው ብርሃን ስለሚያስፈራው ፊቱን በእናቱ ነጠላ ውስጥ ቀብሯል። ተሳፋሪው ወዲያው ተከፈለ። አንዲት ሴት «ምች ነው፤ ዳማ ከሴ ነው የሚያሻው» አለች። አንድ ጎረምሳ «ኩፍኝ ቢሆንስ? ስንት ሕፃን አለ እዚህ! ትውረድ» አለ። እናቲቱ «ወንድሞቼ፣ ለሐኪም እኮ ነው የምወስደው፤ የት ልውረድ?» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ጎረምሳው የተናገረው ስህተት አልነበረም፤ በእርግጥ ኩፍኝ ሊሆን ይችል ነበር። እናቲቱም እውነቷን ነው፤ ኩፍኝ ከሆነ ልጁ ሐኪም ያስፈልገዋል። ኩፍኝ የዓይንን ብሌን አቁስሎ ሊያሳውር ስለሚችል የታመመ ሕፃን በተከታታይ ሁለት ቀን ቫይታሚን ኤ እንዲሰጠው ይታዘዛል፤ እሱም በጤና ተቋም እንጂ በጓዳ አይገኝም። ጓዳ ውስጥ የሚገኘው ዓይን ውስጥ የሚጨመር ቅጠል ነው፤ ያ ደግሞ ዓይኑን ይጨርሰዋል። ከሁለት ሐቅ አንዱን መምረጥ የግድ የሆነ መሰለ።

በመካከሉ አንድ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «እኔ ኩፍኝን ሕፃን ሳለሁ ጨርሼዋለሁ፤ ኩፍኝ ሁለት ጊዜ አይዝም። ነይ ልጄ፣ ከኔ ጋር ወደ ኋላ እንቀመጥ» አሏት። ባለጀልባውም ነገሩ ገባው። ነፋሱ ከፊት ወደ ኋላ ስለሚወስድ እሷንና ሽማግሌውን ከኋላ ዳር አስቀመጠ፤ ሕፃናት ያዘሉትን እናቶች ወደ ፊት አሳለፋቸው። ጎረምሳው ራሱ ዕቃዋን ተሸክሞ ወደ ኋላ ወሰደላት። ሽማግሌው እስከ ባሕር ዳር ድረስ ልጁን በጋቢያቸው ከፀሐይ እየጋረዱ ሄዱ። ማንም አልወረደም፤ ማንም እንደሌለ ሆኖም አልተቀመጠም።

ሽማግሌው ክርስቲያን ነበሩ። እኔ ግን ከሥራቸው የተረዳሁት በፊቅህ ኪታቦቻችን ፈርዱል ኪፋያ የምንለውን ነው፤ ጥቂቶች ከፈጸሙት ከሌላው የሚነሳ፣ ማንም ካልፈጸመው ግን ሁሉም የሚጠየቅበት ግዴታ። ታማሚን መጠየቅ ማለት አርባ ሰው ባንድ ክፍል ታጭቆ፣ እጅ እየሳመ፣ ቡና እየጠጣ መዋል ማለት አይደለም። ከመካከላችን በሽታውን አሳልፎ የጨረሰው፣ ወይም ክትባቱን የወሰደው፣ ወይም ወጣትና ጤነኛ የሆነው ይሂድ። የቀረነው ደግሞ በስልክ እንጠይቅ፤ ለሄደውም የምንችለውን እንስጠው። ኩፍኝን በተመለከተ በአገራችን ክትባቱ በ9 ወር፣ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ሁለተኛው በ15 ወር ይሰጣል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተነሳው ግጭት የጤና አገልግሎት በብዙ ቦታ ስለተስተጓጎለ ክትባት ያመለጣቸው ሕፃናት ብዙ ናቸው። ዛሬ «ልጄ ተከትቧል» የሚል ሰው ለራሱ ብቻ አመስግኖ የሚቀመጥበት ጊዜ አይደለም። እንደ ሽማግሌው ከኋላ መቀመጥ የሚችለው እሱ ነው።

ምልክቱን የሚናገረውን ሰው ዝም የምናሰኝ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። የዉሃኑ የዓይን ሐኪም ሊ ዌንሊያንግ በታኅሣሥ መጨረሻ 2019 እ.ኤ.አ. አደገኛ በሽታ መግባቱን ለባልደረቦቹ ቢነግር ፖሊስ ጠርቶ የሐሰት ወሬ እንደነዛ አድርጎ ወቀሰው፤ የተግሣጽ ወረቀትም አስፈረመው። በኋላ ከአንዲት የዓይን ታማሚው በሽታው ይዞት በየካቲት 7 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በ33 ዓመቱ ሞተ። ይህ የመንግሥት ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን በቤታችንም ይደረጋል። ሠርግ ላይ «ዓይኔን አሞኛልና አልሳምም» ያለችን ሴት «ኩራት ነው» የሚል ዘመድ፣ ልጇ ኩፍኝ መያዙን የተናገረችን እናት በየቡናው የሚያነሳ ጎረቤት ሁሉ በየድርሻው የተግሣጽ ወረቀት ያስፈርማል። ሰው ምልክቱን የሚደብቀው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ሲናገር ምን እንደሚደርስበት ስላየ ነው።

ትናንሽ ነገሮችም አሉ፤ በሴቶች ክፍል ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር የኩል መኳያ፣ በውዱእ ቦታ ለሁሉ የተሰቀለ አንድ ፎጣ። ኩል መኳል የተወደደ ነው፤ የሌላውን ዓይን በነካ መኳያ መኳል ግን የተወደደ ያለው የለም። ፎጣው ይነሳ፤ ፊታችን በነፋስ ይደርቃል።

የመጨረሻው ነገር ገንዘብ ነው፤ ስለሱ ሳይናገሩ ስለ ጥንቃቄ ማውራት ለጠገበ ሰው ብቻ መስበክ ነው። ወርኃዊ ደመወዝ ያለው ሰው ዓይኑ ቢቀላ ሦስት ቀን ቤቱ ቢቀመጥ የሚጎድልበት የለም። በባሕር ዳር ወደብ ጭነት የሚያወርደው፣ በየመንገዱ ሳምቡሳ የምትሸጠው፣ ባጃጅ ተከራይቶ የሚያሽከረክረው ግን የቀረበት ቀን የልጆቹ እራት ነው። «ለሰው ሐቅ ብለህ ቅር» ስንለው ሐቁን እሱ ብቻ ይክፈል ማለታችን ነው። የቴክሳሱም ሰው የእርባታ ሠራተኛ ነበር። አንድ ሰው ለእኛ ጤንነት ብሎ ቤቱ ከተቀመጠ የእሱ ምሳ የእኛ ዕዳ ነው፤ ሶደቃ ብለን ደግሞ ውለታ ልናደርገው አይገባም። የየመስጊዱ ኮሚቴ ለሞተ ሰው ከፈን በአንድ ሰዓት የሚሰበስብ ብርቱ ኮሚቴ ነው፤ ለታመመ የቀን ሠራተኛ የሦስት ቀን ወጪ መሰብሰብ አያቅተውም። ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ የተነሳው ወንድማችን ዙህሩን አራት ረከዓ ቤቱ ይሰግዳል። ከሶላት በኋላ ምሳውን ይዞ በሩን አንኳኩቶ ደጃፉ ላይ የሚያስቀምጥለት፣ በመስኮትም «እንዴት አደርክ» የሚለው ማን እንደሆነ ደግሞ ሐሙስ ማታ ላይ መወሰን ይቻላል።